በአንድ እግሩ የቆመው ፖስተኛ

ቀራፂው በከተማው ውስጥ ስድስት ሐውልት አቁሟል፤ በአንዱም አጠገብ ግን አያልፍም። ታክሲ ተሳፍሮ ሾፌሩ በእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሐውልት አደባባይ በኩል መሪውን ሲያዞር፣ በወዲያኛው መንገድ ቢሆን ደስ እንደሚለው አንገቱን ደፍቶ ይናገራል። ዙሪያ ጥምጥም ነው ቢሉት አይገደውም። የሚያውቁት ሰዎች ይህን ትሕትና አድርገው ይወስዱታል፤ ሰው ሥራውን ሲያመሰግን ማፈሩ ይመስላቸዋል። እሱ ግን የሚፈራው ሌላ ነው። እጁ ያቆመው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ዘንበል ብሎ ሰው ላይ የሚወድቅ ይመስለዋል።

ይህን ስጋት የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። የሰው አጥር ሠርተው ከጨረሱ በኋላ በሳምንቱ ተመልሰው ይሄዱና፣ የቤቱ ባለቤት እንዳያያቸው ግራ ቀኙን እየቃኙ፣ ግንቡን በትከሻቸው ገፋ ገፋ ያደርጉታል። ልጃቸው አንድ ቀን ተከትሏቸው ሄዶ ለምን እንደሚገፉት ቢጠይቃቸው፣ ነፋስ ከሚቀድመኝ ብዬ ነው አሉት። በመንገድ ሲመለሱም ለእናትህ እንዳትነግር ብለው አስጠነቀቁት።

ልጁ አድጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ጭቃ ማቡካትና ጄሶ ማፍሰስ ተማረ። የአባቱን ቱንቢ ግን ከኪሱ አልለየም። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ቀራፂው በር ሲገጠም ቱንቢውን ያወጣል፤ ቁም ሳጥን ሲገዛ ያወጣል፤ ሰው ቤት ተጋብዞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶ ጠመም ብሎ ካየ እጁን ይበላዋል። ሠራተኞቹ "ጋሽ ቱንቢ" ይሉታል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱም፣ እኔንም ያጨኝ ቀጥ ብዬ መቆሜን ለክቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው እያለች ለደንበኞቿ ታወራለች።

የአደባባይ ሐውልት ሥራ እንዲህ ላለ ሰው የሚመከር አይደለም። መጀመሪያ ኮሚቴ አለ። አንዱ የኮሚቴ አባል አፍንጫው ይርዘም ይላል፤ ሌላው የረዘመው አፍንጫ አላማረም ይላል፤ ሦስተኛው ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቃል። ከኮሚቴው በኋላ የብረቱ አጽም ይበየዳል። በአጽሙ ላይ ጭቃ ይለጠፋል፤ ጭቃው ውሃ ካነሰው ይሰነጠቃል፣ ከበዛለት ከብዶ ይናዳል። ከዚያ በጄሶ ቅርጹ ይወሰድና በቅርጹ ውስጥ ከእብነ በረድ ጠጠር ጋር የተደባለቀ ሲሚንቶ ይሞላል። ቀራፂው በየደረጃው የሚፈራው ነገር ነበረው። እህል አልወርድ የሚለው ግን ሁሉም አልቆ ሐውልቱ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቀር ነው።

ከስድስቱ፣ ሰው አብልጦ የሚወድለት ፖስተኛውን ነው። ድሮ ደብዳቤ ሊያደርስ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ የወሰደው አንድ ፖስተኛ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ መታሰቢያ ይሁንለት አለ። ቀራፂው ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ሰውዬ ሠራ፤ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ፣ ደረቱን ወደፊት ሰጥቶ የሚገሰግስ። ግራ እግሩ ከመሬት ተነሥቷል። ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው በቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብቻ ነው። የቀድሞ መምህሩ መጥተው አይተው፣ ከእግሩ ሥር ጉቶ ወይም ድንጋይ ቢጤ አስደግፈው ብለው መከሩት። የሚመክሩትን ሁሉ የሚሰማው ሰው በዚያን ቀን ብቻ አሻፈረኝ አለ። ፖስተኛ ተደግፎ አይሄድም አላቸው። በዕድሜው እንደዚያ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረበት ሌላ ጊዜ የለም።

ሐውልቱ እንዳይከብድ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶ ነገር ደግሞ በሆነ በኩል ውሃ ማስገባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከተረከዙ ላይ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ተወለት፤ የገባው ውሃ በዚያ ይወጣል። በምረቃው ዋዜማ የኮሚቴው ሰብሳቢ ያቺን ቀዳዳ አዩአት። እግሩ የተበሳ ሐውልት ለእንግዳ ልናሳይ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ቀራፂው ስለ ውሃው ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሰውየው ግን ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። እሺ፣ ለነገ ብቻ ልድፈናትና ከነገ ወዲያ እከፍታታለሁ አለ። በሲሚንቶ ደፈናት፤ ቀለሟን አመሳሰለ፤ እሱ ራሱ እንኳ ቦታዋን እስኪያጣት ድረስ አሳምሮ ለሰነ።

በማግስቱ ጨርቁ ተገልጦ ሰው ገና እያጨበጨበ ሳለ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ነገረው። ክራባቱን እንዳሰረ ወደ ሐኪም ቤት በረረ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ልጁ ተወለደች፤ ሕፃኗ ቀጭን ነበረች፣ ወተት አልወስድ አለች፣ ወር ሙሉ ስትተነፍስ ጆሮውን አፍንጫዋ ላይ ደግኖ ከረመ። ቀዳዳዋ ከሐሳቡ ወጣች። ጭራሽ እንዳልነበረች ሆነች።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ልጅቱ በሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች። ዝናቡ ባበቃ ሰሞን ለእረፍት መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ፖስተኛው ሥር ፎቶ ተነሣችና፣ እሱ በእግሩ እንደማይሄድ ስለምታውቅ፣ ይኸው ልጅህን ከልጅህ ጋር ተመልከት ብላ በስልክ ላከችለት። ቀራፂው የልጁን ፊት ካየ በኋላ በሁለት ጣቱ ፎቶውን ከፈት አድርጎ ወደ ታች ወረደ። ከፖስተኛው ተረከዝ ጀምሮ እስከ መቆሚያው ድንጋይ ድረስ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ መስመር አለ። ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ የሚሄድ ክር የመሰለ ስንጥቅም አለ።

የቀዳዳዋ ነገር፣ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ማየታቸው፣ የሲሚንቶው ቅልቅል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት። የሃያ ሁለት ዓመት ዝናብ በዚያ እግር ውስጥ ተጠራቅሞ ብረቱን እየበላ ነው።

ሚስቱ ምሳውን ነክቶ መተዉን አይታ ምን ሆንክ አለችው። ምንም አላት። ቱንቢው ጠፋብህ ወይ ብላ ቀለደች፤ አልሳቀም። የስፌት መኪናዋን አቁማ መቀሷን አስቀመጠችና እስኪናገር ጠበቀችው። ነገራት። ነግሯት ሲጨርስ ደግሞ ለምን ዝም እንደሚል ማስረዳት ጀመረ። ለማዘጋጃ ቤቱ ቢናገር ክሬን አምጥተው ያነሡትና መጋዘን ይጥሉታል፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ "እስኪጠገን" የተባለ የሌላ ቀራፂ ሐውልት በግንባሩ ተደፍቶ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ደግሞም በዚሁ ወር የሆስፒታሉን ደጃፍ ሐውልት ማን ይሥራ ብሎ የሚመርጠው ኮሚቴ ሊቀመጥ ነው፤ በዕድሜው የመጨረሻ ትልቅ ሥራ የሚሆነው ያ ነው። የገዛ ሥራውን ያበላሸ ሰው ማን ይመርጣል?

"ሰው ላይ ከወደቀስ?" አለችው።

መቀሷንም አነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፖስተኛው ሄደ። ከሐውልቱ ጥላ ሥር አንዲት ሴት ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፖስታ፣ እስክሪብቶ፣ ካልሲና የስልክ ገመድ ትሸጣለች። በመቆሚያው ድንጋይ ላይ ደግሞ አምስት ስድስት ተማሪዎች እግራቸውን አንጠልጥለው ደብተር ይገለባበጣሉ። ፖስተኛው ከነቦርሳው በላያቸው አዘንብሏል።

ቀራፂው ድንጋዩ ላይ ወጣና የሐውልቱን ባት በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ባዶ ነው፤ ጮኸ። ወደ ታች አንኳኳ። አገዳው ላይ ሲደርስ ድምፁ ዱም አለ፤ ከዚያ በታች ውሃ ሞልቷል። ጆሮውን ለጥፎ ደጋግሞ አንኳኳ። ሻጯ አንገቷን አዙራ ስታየው ቆየችና ሳል አለበት እንዴ ጋሼ ብላ ጠየቀችው፤ ተማሪዎቹ ሳቁ።

ዝቅ ባለ ድምፅ ቦታዋን ለጥቂት ቀን ብትቀይር ምን ይመስላታል አላት። ለምን ብትለው፣ ፀሐይዋ ለጤና ጥሩ ናት አለ። ሴትዮዋ ምራቋን የዋጠች ነበረች። ማን እንደላከው ጠየቀችው፤ ይህን ጥላ የሚመኙ ሰዎች ሞልተዋል፤ ከሁሉም ጋር ስትጣላ ነው እዚህ የደረሰችው፤ ለላኩት ሰዎች በሬሳዬ ላይ አለች ብሎ እንዲነግርላት አዘዘችው። ቀራፂው ይቅርታ ጠይቆ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ ፖስተኛውን ሲጠብቅ ዋለ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቱንቢውን አንጠልጥሎ ሐውልቱን በክሩ ይለካል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ትንፋሹን ይይዛል። ፎቶ ለመነሣት የሐውልቱን እግር የሚያቅፍ ሰው ሲያይ መንገዱን ተሻግሮ ይሮጥና እባክዎ ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ ብርሃኑ ከዚህ ይሻላል ይላል። ሰዎቹ ፎቶ አንሺ መስሏቸው ስልካቸውን ይሰጡታል። በሦስት ቀን ውስጥ አርባ ያህል ሰው ፎቶ አንሥቷል፤ ዓይኑ ከሐውልቱ እግር ስለማይነሣ አንዱም ሳይጠምም አልቀረም።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሻጯ ራሷ ተሻግራ መጣች። የሰው ሥቃይ ማየት አልችልም፣ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩኝና ይገላገሉ አለችው።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ ወደ ሐውልቱ እያየ። "ውሃ መውጫውን የደፈንኩትም እኔ ነኝ። እግሩ ውስጡ ተበልቷል። ሊወድቅ ይችላል።"

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ውሸት ነው አላለችም። ተመልሳ ሄዳ ካልሲዋንና ፖስታዋን ወደ ጆንያ ሰበሰበች፤ ከዚያ ጆንያውን በአንድ እጇ፣ በርጩማዋን በሌላው ይዛ ፀሐይ ላይ ወጣች። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች።

"ለእኔ ነገሩኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለእነዚያስ ማን ይንገራቸው?"

አገጯን ወደ ተማሪዎቹ ቀስራለች። ጆንያው ከብዷት ስለነበር መሬት አስቀምጣ በአገዳዋ ደግፋ ያዘችው። ቀራፂው ቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደ። ትንሽ ከቆየ ሐሳቡን እንደሚቀይር ራሱን ያውቃል።

ከሦስት ቢሮ ሦስት ጊዜ ወደሚቀጥለው ተልኮ፣ በመጨረሻ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ፊት ተቀመጠ። ተናገረ። መሐንዲሷ አቋርጣ አንድም ቃል ሳትጠይቀው ወረቀት ሰጠችውና ይህንኑ ይጻፉልኝ አለችው። ጻፈ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እንዲደፈን እንደጠየቁ የሚል ዐረፍተ ነገር አስገብቶ ነበር፤ መልሶ ሲያነበው ሰውየው ሞተዋል፣ መልስ ሊሰጡ አይችሉም ብሎ አሰበና ሰረዘው። "እኔ ደፈንኩት፤ መክፈት ረሳሁ" የሚለው ብቻ ቀረ። መሐንዲሷ አንብባ፣ ይህን ሲፈርሙ ለሁሉም ቢሮ እንደሚሄድ ያውቃሉ አይደል አለችው። አውቃለሁ አላት። እስክሪብቶው አልይዝ ብሎት ሁለቴ ፈረመ።

በማግስቱ ዙሪያው በገመድ ታጠረ፤ ሐውልቱም ከፊትና ከጎን በወፍራም እንጨት ተደገፈ። ሰው ገመዱ ላይ ተደርድሮ ያያል። መሐንዲሷ የመሰርሰሪያውን ትራፓኖ ለሠራተኛዋ ልትሰጥ ስትል፣ ቀራፂው ፈቃዷ ከሆነ እሱ እንዲበሳው ለመነ። ተንበርክኮ ተረከዙን በመዳፉ እየዳበሰ ያን የለሰነውን ቦታ ፈለገ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም ያልነካውን ቦታ ጣቱ ወዲያው አገኘው።

ትራፓኖው ሁለት ጣት ያህል ሲገባ ውሃው ሱሪው ላይ ተፈናጠረ። ቀይ ነው፤ ይሸታል። አሁን ያቆማል ሲባል አያቆምም። በድንጋዩ ወርዶ፣ አስፋልቱን ይዞ እስከ ቦዩ ደረሰ። ከተመልካቾቹ አንዱ፣ ምስኪን፣ ሽንቱን ይዞ ነው ለካ ይህን ያህል ዘመን የሚሮጠው አለ፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መሐንዲሷ እንኳ ፊቷን አዞረች። ቀራፂው ግን ውሃውን በእጁ እየተቀበለ፣ በመዳፉ ላይ የሚቀረውን የዝገት ቅርፊት ይቆጥር ነበር።

ሲሚንቶው ተከፍቶ ሲታይ በቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ከሚያልፉት አራት ፌሮ ብረቶች ሁለቱ እንደ ሽቦ ቀጥነዋል። ሦስተኛው በእጅ ሲነካ ተቀነጠሰ። ሐውልቱን ያቆመው አራተኛው ብቻ ነበር።

"ወይ ይወርዳል፣ ወይ ሁለተኛ እግር ያስፈልገዋል" አለች መሐንዲሷ። "የወረደ እንደሆነ መቼ ይመለሳል የሚለውን እኔ ልነግርዎ አልችልም።"

አንድ ቀን ስጪኝ ብሏት ወደ ሥራ ቦታው ሄደ። በትንሹ በጭቃ ሞከረ። ጉቶ ቢያስደግፈው ፖስተኛው የታሰረ በሬ መሰለ። ድንጋይ ቢያደርግለት ተደናቅፎ ሊወድቅ ያለ ሰው ሆነ። የተነሣውን ግራ እግር ዝቅ ማድረግማ አይታሰብም። ጭቃውን አፍርሶ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ዓይኑ ላይ የመጣው የሻጯ ጆንያ ነው፤ በአገዳዋ ደግፋ እንዳቆመችው። ፖስተኛው ሁለተኛ ጆንያ ይኖረዋል። በደብዳቤ የተሞላ፣ መሬት ላይ ያረፈ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስና እግሩ ላይ የተደገፈ ጆንያ። አዲሶቹ ብረቶች በጆንያው ሆድ ያልፋሉ።

አሥራ አንድ ቀን ሠራ። አሮጌውን ሲሚንቶ ፈለፈለ፤ ብረት በየደ፤ የጆንያውን አፍ ገመድ እንደታሰረ አድርጎ ሸበሸበው፤ ከሥሩም እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ተወ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ደሞዝ ሳይጨምሩለት ሥራ ጨመሩበት አለ አንዱ፤ ነገሩ በከተማው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ሚስቱ ጆሮ ሳይቀር ደረሰ። የፈረመው ደብዳቤም እንደተባለው በየቢሮው ዞረ። የሆስፒታሉ ሐውልት ለሌላ ቀራፂ ተሰጠ። ይህን ሲነግሩት ጠብቆት ስለነበር ብዙም አልተንገበገበም። ያንገበገበው ሌላ ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሲያየው፣ ፖስተኛው ይገሰግስ የነበረ ሰው መሆኑ ቀርቷል። ጆንያውን አሁን አስቀምጦ አሁን ሊያነሣ የሚያስብ፣ የደከመው ሰው ሆኗል። ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይሄ ይሻላል ብሏል። እሱ በሠላሳ አራት ዓመቱ ያቆመው ግን ያ አልነበረም።

ሥራው ባለቀ በሃያ ስምንተኛው ቀን ሲሚንቶው ጠንክሯል ተብሎ እንጨቶቹ ተነሡ። መሐንዲሷ ለካች፣ አንኳኳች፣ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ ለሃምሳ ዓመት አያሳስብዎ ብላው ሄደች። ሻጯ ከወር በላይ ፀሐይ ላይ ከርማ ፊቷ ጠቁሯል። ጆንያዋን አዘጋጅታ፣ በርጩማዋን ብብቷ ሥር አድርጋ መጣች።

"አሁን ልመለስ ጋሼ?"

ቀራፂው አዎ በማለት ፈንታ በርጩማዋን እንድታውሰው ጠየቃት። ከፖስተኛው ሥር፣ እሷ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ቦታ ላይ አደረገውና ጀርባውን ለአዲሱ ጆንያ ሰጥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ልትቀልድበት ፈልጋ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ማዶ ያለው ግንብ ጥግ ሄዳ ቆመች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እንደዚያው ተቀመጠ። ነፋስ ነፈሰ። ተማሪዎች ከምሳ በፊት ከትምህርት ተለቀቁና ድንጋዩ ላይ ወጡ፤ አንዷ ጫማዋን ልታስር የፖስተኛውን እግር ይዛ ጎንበስ አለች። ቀራፂው እጁን አነሣ፤ ግን አላስነሣትም። አንድ ሽማግሌ መጥተው ፖስታ ስንት እንደሆነ ጠየቁት። አላውቅም አላቸው። ታዲያ ምን ልትሠራ ተቀመጥህ ቢሉት እሱንም አላውቅም አላቸው። ሻጯ ይህን ከማዶ ስታይ አላስቻላትም፤ ጆንያዋን እየጎተተች ተሻግራ ገባች። ለሽማግሌው ሁለት ፖስታ ቆጥራ ሰጠች።

"ይነሡልኝ እንግዲህ" አለችው። "ገበያዬን ዘጉብኝ።"

ቀራፂው አልተነሣም። መዳፉን ወደ ኋላ ልኮ በሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ አሳረፈው። አሸዋ የጫነ መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ በአጠገባቸው አለፈ። እሷም ሳታስበው ትንፋሿን ይዛ ወደ ላይ አየች። ፖስተኛው ንቅንቅ አላለም።

"አሁንስ?" አለችው።

"አንድ ሌላ ይለፍ" አለ።